በሬ ተሸጦ ስለሚገዛው ኮምፒውተር

ባለፈው ሰሞን ከስማዳ ተደወለልኝ። የእህቴ ባል ነው። መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቆርጦ በአራተኛው ሲገባለት ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ወንድማለም፣ ቦራውን በሬ ላወጣው ነው።»

ደነገጥኩ። ሰው ታሞ መሰለኝ። አንድ ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ አንዱን ሲሸጥ ምን እንደሚሆን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በሚቀጥለው ክረምት በቀረው አንድ በሬ መቀናጆ ፍለጋ የጎረቤት ደጅ መጥናት ነው። መሬቱ የሚታረሰው ጎረቤት አርሶ ሲጨርስ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ጎረቤትን አይጠብቅም።

«ምን ሆናችሁ?» ስለው «ምንም አልሆንም። ልጁ በኮምፒውተር ነው የምትፈተነው ተብሎ እንቅልፍ አጣ። ላፕቶፕ የሚሉት ስንት ያወጣል?» አለኝ።

ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። «በሬውን አሁን እንዳታወጣው፣ አንድ ሳምንት ስጠኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ ሳምንት ነው። ከጋይንት፣ ከእስቴና ከስማዳ አዲስ አበባ የመጣን ሰዎች ይህ ጥያቄ በየወሩ ይመጣብናል። ብዙዎቻችንም «ላፕቶፕ ግዛለት» ብለን እንገላገላለን። ያ መልስ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ምርጫ፣ ጦርነትና የኑሮ ውድነት እያለ ስለ ኮምፒውተር ዕቃ ትጽፋለህ ወይ የምትሉኝ አትጠፉም። አንዴ ታገሡኝና አንብቡት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት የጀመረው ሐምሌ 2016 ላይ ነው። በ2017ም ቀጠለ። አቅጣጫው ከወረቀት ወደ ስክሪን መሆኑን ማንም አይክድም። ውጤቱንም እናውቀዋለን፦ ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ለዚህ ተጠያቂው ኮምፒውተር ነው እያልኩ አይደለም፤ በወረቀትም ወድቀናል። የማወራው ከመቶ ዘጠና ምናምኑ በሚወድቅበት ፈተና ላይ አንዱ ልጅ ማውስ ሲያንቀሳቅስ ያደገ ሆኖ፣ ሌላው ደግሞ ቀስቷ ወዴት እንደሄደች ሲፈልግ ደቂቃው ስለሚያልቅበት ነገር ነው።

ሐምሌ 2016 ሌላም ነገር ተበሰረልን፤ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባለው ሥልጠና። ሥልጠናው ነፃ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው። ከኢንተርኔት ላይ መሆኑ ግን ልብ ይባልልኝ። አማራ ክልል ውስጥ በ2015 ክረምት የተዘጋው የሞባይል ኢንተርኔት በብዙው የክልሉ ክፍል ገና ሳይከፈት፣ ለጋይንትና ለስማዳ ልጅ «ኮደር ሁን» ማለት ወንዙን አድርቆ «ዋና ተማር» እንደማለት ነበር። በዚያ ላይ ሚሊዮኖች ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ተናግሯል። የእህቴ ልጅ ክፍል መግባት ከቻሉት ዕድለኞች አንዱ ነው።

ጋይንት ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። ነሐሴ 2013 ነፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ለዘጠኝ ቀናት በቆየችበት ጊዜ በሴቶች ላይ የደረሰውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዘግቦታል፤ ሆስፒታሉና ጤና ተቋማቱም ተዘርፈዋል። እዚያ አካባቢ ኮምፒውተር የሚባለው ዕቃ ከዜሮ ነው የሚጀመረው ስል ይህንንም ማለቴ ነው።

እኛ በዘመናችን ፕላዝማ መጥቶልን ነበር። በ1997 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ገብቶ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ግድግዳው ላይ ሰፊ ጥቁር መስታወት ተሰቅሎ ጠበቀኝ። መብራት ካለ ደቡብ አፍሪካዊ በሚመስል አነጋገር ፊዚክስ ይፈሳል። መብራት ከሄደ መምህራችን ጠመኔውን አንስቶ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል፤ የዚያን ቀኑን ትምህርት መስታወቱ ይዞት ሄዷላ። ፕላዝማው ሲበላሽ የሚከፍተው ሰው በወረዳው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መሣሪያ የማየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል?

ላፕቶፕን የማልመክረውም በዚሁ ጥያቄ የተነሳ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፎ ሄደ። ኮምፒውተር ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። አዲስ፣ ደህና የሚባል ላፕቶፕ ዛሬ በትክክል የበሬ ዋጋ ነው። ስለዚህ ገዢው ወደ ቴሌግራም ገበያ ይሄድና «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ከዱባይ የመጣ፣ ባትሪው አራት ሰዓት የሚይዝ» የሚለውን ያነሳል። እኔም አንስቻለሁ። ባትሪው አርባ ደቂቃ ያዘልኝ። ራሙን ላሳድገው ስል ከቦርዱ ጋር ተበይዶ አገኘሁት። ባለሱቁ ስልኩን ማንሳት አቆመ።

ከሁሉ የምትከፋው ወጥመድ ክሮምቡክ ናት። ቀጭን፣ ቆንጆ፣ ርካሽ ናት፤ «ላፕቶፕ» ተብላ ትሸጣለች። ብዙ ጊዜ 4 ጊጋባይት ራምና 32 ጊጋባይት ማስቀመጫ አላት፤ አሠራሯ በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የማሻሻያ ጊዜዋም ተቆርጦላት የምትመጣ ናት። ኢንተርኔት በሌለበት ወረዳ ያቺን ለልጅ መላክ መስታወት መላክ ነው።

እንግዲህ ዴስክቶፕ እንገጣጥም ስንል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ዩቲዩብ ላይ የምናየው ነው፤ ቦርዱን፣ ሲፒዩውን፣ ኬዙን፣ ፓወር ሰፕላዩን አንድ በአንድ አዲስ እየገዙ መሥራት። ደስ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ግን እነዚህ ዕቃዎች የሚመጡት ለጌም ተጫዋችና ለቪዲዮ አቀናባሪ ስለሆነ ዋጋቸው ያንኑ ደንበኛ ነው የሚያውቀው። ለተማሪ አይሆንም። ሁለተኛው መንገድ ባለ ብዙ ዓመት የቢሮ ኮምፒውተር ወስዶ፣ የደከመውን ክፍል አውጥቶ አዲስ መተካት ነው። እኔ የምከራከረው ለዚህኛው ነው።

አሁን ደግሞ ጊዜው አግዞናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን ሲፒዩ አይቀበልም። ስለዚህ በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ድርጅቶች ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ኮምፒውተሮቻቸውን በገፍ እያወጡ ነው። ምንም ያልሆኑ ማሽኖች ናቸው። ትውልዱን ማወቅ ቀላል ነው፤ አይ ፋይቭ ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር የመጀመሪያ አኃዝ ነው። 6500 ካለ ስድስተኛ፣ 7500 ካለ ሰባተኛ። ባለሱቅ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ብሎ ዝም ካለ ሁለተኛ ትውልድ ሊሆን ይችላልና ቁጥሩን አሳየኝ በሉት። አይ ሰቨን የሚል ስም አያታልላችሁ፤ አሮጌ አይ ሰቨን ከአዲስ አይ ስሪ ያንሳል፣ መብራትም ይበላል።

ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ መጽሐፍ የምታክለዋን ትንሿን ሳጥን እመርጣለሁ። ዴል «ማይክሮ»፣ ኤችፒ «ሚኒ»፣ ሌኖቮ «ታይኒ» የሚሏት ናት። የሲፒዩው ቁጥር መጨረሻ ላይ «ቲ» የሚል ፊደል አለባት፤ 35 ዋት ማለት ነው። ዋና ምክንያቴ ትንሽነቷ አይደለም። ኤሌክትሪኩን የምታገኘው እንደ ላፕቶፕ በውጭ ቻርጀር ነው። ትልቁ የዴል ዴስክቶፕ ውስጡ ያለው ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል የገበያው ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምለትም፤ ሶኬቱ የራሱ ነው። የትንሿ ቻርጀር ሲቃጠል ግን ደብረ ታቦር ላይ ይገኛል፤ አንድ ሰው ኪሱ ከትቶ ያመጣዋል። (ዴል ላይ አንድ ዐመል አለ፤ የራሱ ያልሆነ ቻርጀር ከሆነ ይሠራል ግን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሲዘገይ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት።)

መብራቱ ነገር የዚህ ሁሉ እምብርት ነው። የእኛ አገር ችግር መብራት መሄዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሻማ ይበቃን ነበር። ዕቃ የሚገድለው ሲመጣ ነው። ቤተሰቦቻችን ፍሪጅ ባይኖራቸውም ቴሌቪዥን ያቃጠለ ጎረቤት አላቸውና ይህን አያጡትም። ስለዚህ ያለንን ብር አሥር ቦታ ብንከፍለው፣ አምስቱ ለሳጥኗ፣ ሁለቱ ለስክሪኑ፣ አንዱ ለኤስኤስዲ፣ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ለመብራት ጠባቂ መዋል አለበት እላለሁ። ኪቦርድና ማውስ ተከራክሮ በምራቂ የሚወሰዱ ናቸው። አብዛኛው ገዢ ግን ዘጠኙን ለሳጥኗ ያውልና በቀረው ብር ዲቫይደር ገዝቶ ይሄዳል። በመጀመሪያው ነሐሴ መብረቅ አልቅሶ ይመለሳል።

ዩፒኤስ ስንገዛ ደግሞ ልኩን እናውቅ። ትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር አወር ነው። ትንሿ ሳጥንና ባለ 19 ኢንች ስክሪን አንድ ላይ ተራ ሥራ ላይ ከ50 ዋት አይበልጡምና ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆያቸዋል። ለትልቅ ዴስክቶፕ ከሆነ «አስቀምጥና ዝጋ» ለማለት ብቻ ነው የሚበቃው። ባትሪው በሁለት ወይ በሦስት ዓመት ይሞታል፤ ሲሞት ዩፒኤሱን አትጣሉ፣ ባትሪው ብቻ ይቀየራል። ዩፒኤስ ካልተቻለ ስታቢላይዘር፤ እሱም ካልተቻለ መብራት ሲሄድ ከግድግዳው መንቀልና ሲመጣ አሥር ደቂቃ መጠበቅ። ይህ የመጨረሻው ብር አይጠይቅም፤ ልጅን መገሠጽ ብቻ ነው።

ኤስኤስዲን ለምን ለብቻ አነሳሁት? ማሽኑ በዕድሜ የገፋ ሃርድ ዲስክ ይዞ ከመጣ አውጥታችሁ ጣሉት። ለፍጥነቱ ሲባል ብቻ አይደለም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለ፤ አንባቢዋ ክንድ ሰሌዳውን ሳትነካ በስስ የአየር ትራስ ላይ ትንሳፈፋለች። ለዚህም ነው ፋብሪካዎቹ ለአብዛኛው ሃርድ ዲስክ የአሠራር ወሰኑን ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚያቆሙት። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት! ከተማችን፣ ስሟ እንደሚናገረው፣ አየሩ ስስ ነፋሱ ብዙ የሆነባት ቦታ ናት። የጉና ጥግ ያሉትም እንደዚያው። ሃርድ ዲስክ እዚያ ወዲያው ይሞታል አልልም፤ ሲሠራ አይቻለሁ። ግን በአይሱዙ ተንጋግቶ መጥቶ፣ በወሰኑ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ መብራት በላዩ ላይ ድርግም እያለ ዕድሜ አይጠበቅበትም። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። 256 ጊጋባይት ይበቃል። «2 ቴራባይት በርካሽ» ካሏችሁ ሸሹ፤ ሽፋኑ ሲከፈት ውስጡ ሚሞሪ ካርድ የተለጠፈበት አለ።

ራም ላይ ዕድላችን ጠሟል። 8 ጊጋባይት ለተማሪ በቂ ነው፤ 16 ቅንጦት ነው። ችግሩ ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ዓለም ላይ የራም ዋጋ መናሩ ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ግዙፍ ዳታ ሴንተሮች ምርቱን ጠቀለሉት። ማይክሮን የተባለው አምራች «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ገዢ ይሸጥ የነበረውን ሥራ እንደሚያቆም ኅዳር 2018 አስታውቋል። ካሊፎርኒያ ላይ የሚነሳ አቧራ ወገዳ ላይ ዓይን ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ራም ለብቻ ከመግዛት 8 ጊጋባይት ያለውን ሳጥን መግዛት አሁን ይረክሳል። ለብቻ መግዛት ግድ ከሆነ ያለውን ራም ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስድስተኛ ትውልድ ላይ ዲዲአር 3 የሚወስድም ዲዲአር 4 የሚወስድም አለ፣ ትንሿ ሳጥን ደግሞ የላፕቶፑን አጭር ራም ነው የምትጎርሰው። ግራፊክስ ካርድ ስለሚባለው ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ለተማሪ አያስፈልገውም።

አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ። ከዓመት በፊት ለሌላ ዘመድ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ድረስ እንዲህ ያለ ሳጥን ልኬ ነበር። ሁሉን አሟላሁ ብዬ ደስ አለኝ። ስክሪኑ ባለ ቪጂኤ አሮጌ ነው፤ ሳጥኗ ደግሞ ዲስፕሌይ ፖርት ብቻ። ሁለቱን የምታገናኘዋን ጣት የምታክል መለወጫ ረሳኋት። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ኮምፒውተሩ በዚያች ጣት ምክንያት ወራት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀመጠ። አዲስ አበባ ላይ አሥር ደቂቃ የሚፈጀው ነገር እዚያ አንድ ወቅት ይበላል። ስለዚህ ሁሉንም እዚሁ ገጣጥሙት፣ ሁለት ቀን አሠሩት፣ ከዚያ እንዳለ እሰሩት። ቦርዱ ላይ ያለችውን የሰዓት ባትሪም በአዲስ ለውጧት፤ ሳንቲም የምትመስለዋን።

የሚጫንበትን ነገር በተመለከተ፣ የተሰረቀ ዊንዶውስ ጭኖ ቫይረስ ከማሳደግ ሊነክስ ሚንትን እመርጣለሁ። ነፃ ነው፤ በ8 ጊጋባይት ራም ሳይደክም ይሠራል። ትልቁ ነገር ግን ኢንተርኔት የሌለበትን ቤት አስቦ መጫን ነው። ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የእንግሊዝኛውን ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ በ100 ጊጋባይት ገደማ ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ኮሊብሪ በሚባለው ደግሞ የካን አካዳሚ የሒሳብና የፊዚክስ ቪዲዮዎች ይጫናሉ። የትምህርት ሚኒስቴርን የመማሪያ መጻሕፍት፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን፣ የኪቦርድ መለማመጃ ጨዋታ ጨምሩበት። ለዚህ ልጅ ኢንተርኔቱ ያ ሳጥን ነው።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። ባንኮችና የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን በጨረታ እንደሚያስወግዱ ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። በጅምላ ነጋዴ ይገዛዋል፤ ደህና ደህናው ተጠራርጎ ይሸጣል፣ ቀሪው ምናለሽ ተራ ሄዶ በኪሎ ይበተናል። ነጋዴውን አልወቅስም፣ ሥራው ነው። ግን ፈተናውን ወደ ስክሪን የሚያዞር መንግሥት ከራሱ ቢሮ የሚያወጣውን ማሽን ኤስኤስዲ ቀይሮ ለላይ ጋይንት፣ ለታች ጋይንት፣ ለስማዳ ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ ለምን አይሰጥም? ሴፍቲኔት ላይ ያሉ ወረዳዎች ናቸው እኮ፤ ወላጅ ራሱ ገዝቶ ያዘጋጅ ሊባል ነው? «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚለው ስትራቴጂ ዓመቱ አልፏል፤ በዚያ ወረዳ ያለ ልጅ ዛሬም ማውስን የሚያውቀው በአይሲቲ መጽሐፍ ሥዕል ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች አሉት፤ እነሱ በተግባር ልምምድ ስም ቢጠግኑት ለራሳቸውም ትምህርት ነበር።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼም፣ አሮጌ ዴስክቶፕ በኮንቴይነር መጫኑን ተዉት። ግማሹ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል፣ ቀረጡና መጋዘኑ ደግሞ የዕቃውን ዋጋ ያህል ይበላል። በሻንጣችሁ ኤስኤስዲና ራም ይዛችሁ ኑ። አሥሩ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ የሚያነቃው ማሽን ግን እዚህ ሞልቷል።

«ጥይት በሚጮህበት አገር ይህን ማን ያደርሰዋል?» ለሚለኝ፣ በዚያ መንገድ ከዚህ የባሰ ጭነት አልፏል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በ1860 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ያን ገደላ ገደል መንገድ እየቀደዱ ነበር። ወራት ፈጀባቸው። እኛም ወራት ቢፈጅብን አይገርምም።

ለአማቼ የነገርኩት ይኸው ነው። በሬው ይቅር፣ ሦስት በግ ይበቃል፣ የጎደለውን እኔ እጨምራለሁ አልኩት። ዝም አለና «ሦስት በግ? ታዲያ የሚሠራ ነው?» አለኝ፤ ርካሽ ነገር አያምንም። ለጎረቤት ልጆችም እንዲከፍትላቸው ቃል አስገብቼዋለሁ፤ ያቺ የእኔ ድርሻ ናት።

ዕቃው ከትናንት ወዲያ ደብረ ታቦር ደርሶ አንድ ሱቅ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መንገድ እየጠበቀ ነው። ልጁ ኮረብታ ላይ እየወጣ በየቀኑ ይደውላል። «ጋሼ፣ ያቺ ጣት የምታክለዋን ረስተሃት እንዳይሆን?» ይለኛል። አልረሳሁም፤ ሁለት ነው የላክሁት።